መርዶ የሚነገረው ዘመድ ፍለጋ

ሥራዬን የለቀቅሁት የወንድሜ የጌትነት አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ጡረታ አይባልም፤ ዕድሜዬ ገና ነው። ግን ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የገባሁበትን መዝገብ ቤት ቁልፍ አስረክቤ ስወጣ ጡረተኛ የሆንኩ መሰለኝ። ባልደረቦቼ፣ «ሰው ወንድሙ ሞተ ብሎ እንጀራውን ይጥላል እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። አሁንም ረግቼ መልስ ማሰናዳት አልችልም። ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ እነሳለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ቢቆራረጥም እንዲሁ ይጻፍ።

ነገሩ ይህ ነው። ጌትነት ሲቀበር ጅግጅጋ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ሁሉ መጣ። ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው። ድንኳኑ ሞላ። የሥጋ ዘመድ ግን ከእኔ በቀር አንድም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ፣ «ለዘመድ መርዶ ተነገረ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አባታችን አንዲት እህት ነበረችው። የት እንዳለች፣ ትኑር ትሙት፣ አናውቅም። የሰው ዘመድ ሲያፈላልግ የኖረ ሰው ሞቶ፣ የገዛ አክስቱ ሳትሰማ መቅረቷ ዕረፍት ነሳኝ። ሥራዬን የተውኩት እሷን አግኝቼ ሞቱን ለመንገር ነው።

አባታችን ወታደር ነበር። ከመሀል አገር ተመድቦ ጅግጅጋ መጣ፣ እዚሁ አገባ። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። እናታችን እኔን ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም። አባታችንም ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። ያሳደገኝ ጌትነት ነው። ጋሼ ነበር የምለው።

ጋሼ መዝገብ ቤት የተቀጠረው ጽሕፈቱ ስለሚያምርና ሶማሊኛን እንደ ገበያ ሰው ስለሚናገር ነው። ጊዜው፣ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ወደዚያ ሸሽቶ የነበረው ሕዝብ በገፍ የሚመለስበት ነበር። አንዱ የአባቱን ቤት ይላል፣ አንዱ ውርስ፣ አንዱ መታወቂያ። ወረቀቱ ግን ገሚሱ ተቃጥሏል፣ ገሚሱን ዝናብ በልቶታል፣ የቀረውን ባለሱቆች ስኳር ጠቅልለውበታል። ጋሼ ሱቅ ሄዶ ዕቃ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳያነብ አይጥልም ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሰው የቤት ካርታ ቁራጭ ከሩብ ኪሎ ስኳር ጋር ይዞ ገባ። ስኳሩን ሰሃን ላይ ገልብጦ ወረቀቱን ሲያራግፍ አስታውሳለሁ። ለሻይ አልደረሰልንም፤ ከሰሃኑ አልፎ መሬት ላይ ነበር የፈሰሰው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ጋሼ፣ «ና፣ ዶሴ ትሸከማለህ» አለኝ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ብዙም አያልፍም ነበር። ግን ሥራው ያዘኝ።

የተጣበቀ ገጽ በጣት አይላቀቅም። ጋሼ ከዱቄት ወተት ጣሳ የቆረጠው ስስ ቆርቆሮ ነበረው፤ ጠርዙን በድንጋይ አለስልሶታል። ዶሴውን ከመስኮቱ ሥር አሳድሮ፣ አየር ከገባው በኋላ፣ ያንን ቆርቆሮ በገጾቹ መሀል ቀስ አድርጎ ይሰደዋል። ትንፋሹን ይዞ። የደበዘዘ ቀለም ፊት ለፊት አይነበብም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለህ፣ ብዕሩ የቧጠጠውን ነው የምታነበው። ከእሱ በፊት የነበሩትን ጸሐፊዎች ፊታቸውን አያውቅም፤ በእጅ ጽሑፋቸው ግን እንደ ጎረቤት ያማቸዋል።

«የዚህኛውን የጠዋት ጽሑፍ እመነው» ይለኛል። «ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ስለሚቀመጥ ጽሑፉ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ የሰው አያት ይዘልላል።»

ከወረቀቱ ይልቅ የከበደኝ ማዳመጡ ነው። ሶማሌ ስሙን ስትጠይቀው በስሙ አያቆምም። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ብሎ፣ ሳይተነፍስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከልጅነቱ በቃሉ የተማረው ነው። የእኛ ቅጽ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሽማግሌ አቋርጬ፣ «ይበቃል አዴር፣ ሦስት ነው የምንጽፈው» አልኳቸው። አዴር ማለት አጎት ነው፤ ለትልቅ ሰው ሁሉ ይባላል። ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሦስት? ሦስትማ ፍየሌም አላት!»

ሰልፉ ሳቀ።

«ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ማን ትባላለህ?»

«አበራ ወርቁ ተሰማ።»

«እሺ፣ ተሰማ ማን?»

ቅጹን አየሁ።

«ተሰማ ከሰማይ ነው የወረደው!» አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ። «እዘኑለት፣ የሙት ልጅ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ማታ እራት ላይ፣ «ጋሼ፣ ተሰማ የማን ልጅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የሰውን እንጨርስና የራሳችንን እንፈልጋለን» አለኝ። ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ወንድሜ ነው፣ ሞቷል፣ ግን ያናድደኛል።

አሁን ስለ ኤዶ ሆዳን ልጻፍ። ኤዶ የአባት እህት ማለት ነው፤ እናቶችን በአክብሮት የምንጠራበት ነው። ደገሀቡር ተመድበን ሳለን ነው የመጣችው። በሽሽቱ ጊዜ የተለያትን ወንድሟን ትፈልጋለች። ጋሼ እንደ ልማዱ ወንበር ሰጣት። የወንድሟን ስም፣ «መሐመድ አብዲ ሀሰን» ብላ ጀመረችና ወደ ላይ ቀጠለች። ስትጨርስ፣ «ደጎሌ ነው የሚባለው። ደጎሌ ካልክ ሁሉም ያውቀዋል» አለች።

ደጎሌ ደንቆሮ ማለት ነው። ሶማሌ ዘንድ ነውር የለውም። መሐመድ አብዲ የሚባል ሰው እልፍ ነው፤ ስለዚህ ግራኙን ጉሬ፣ ረጅሙን ዴሬ ብለው ይለዩታል፣ ሰውየውም አቤት ይላል። እኛ ቤት ግን ሰውን በጉድለቱ መጥራት ስድብ ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ፣ ያውም የሰውየው እህት ፊቱ ተቀምጣ እያየችው፣ ጋሼ «ደንቆሮ» ብሎ መጻፍ አፈረ። ሦስቱን ስም ጻፈ። ሌላውን ተወው።

ፈልጎ ፈልጎ አንድ መሐመድ አብዲ ሀሰን አገኘ። ከስሙ አጠገብ «ሞቷል» የሚል ተጽፏል። የጠዋቱ ጽሑፍ ነበር፤ ጋሼ አመነው። ለኤዶ ሆዳን ቤቷ ድረስ ሄዶ ነገራት። አለቀሰች፣ ቁርዓን አስቀራች፣ ፍየል አርዳ ሰደቃ አበላች። ፍለጋዋንም ተወች።

ጊዜ አለፈ። ወደ ጅግጅጋ ከተመለስን በኋላ ከቀብሪበያ ሁለት ጎረምሶች መጡ። አባታቸው በቅርቡ ሞቷል፤ የውርስ ወረቀት ይፈልጋሉ። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሼ በሌላ ጠረጴዛ ዶሴ ይሰፋል። ታላቅየው የአባቱን ዘር ሲቆጥር የጋሼ መርፌ ቆመ።

«አባታችሁ መጠሪያ ነበረው?» አለ ከተቀመጠበት።

«ደጎሌ» አለ ልጁ። «ደንቆሮ ግን አልነበረም። በልጅነቱ ሲጠሩት አቤት ስለማይል ነው።»

«ቀብሪበያ ብዙ ኖረ?»

«እዚያው ነው የወለደን። እህቱን ሲፈልግ ነው የሞተው። ሆዳን የምትባል። ከደገሀቡር አይሱዙ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን ይጠይቅ ነበር።»

ጋሼ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ ወጣ፤ ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። ሳይመለስ ሲቀር ወጥቼ ብፈልገው ከአጥሩ ሥር ጸሐይ ላይ ቆሟል።

«ልጆቹን ውሃ ስጣቸው» አለኝ።

በማግስቱ ሁለታችንም ደገሀቡር ሄድን። ኤዶ ሆዳን ግቢዋ ውስጥ ፍየል ታልባለች። ጋሼ ሳይቀመጥ፣ ቆሞ፣ ሁሉንም ነገራት። የሞተው ሌላ መሐመድ እንደነበረ። ወንድሟ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሕይወት እንደነበረ። ሲፈልጋት እንደነበረ። ትሰድበዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበው ደስ ባለኝ ነበር።

«ስሙን ነግሬህ ነበር» አለችው።

«ነግረሽኝ ነበር ኤዶ።»

«ለምን አልጻፍከውም?»

«ስድብ መሰለኝ።»

ወተቱን አስቀመጠች። «እሱ ያላፈረበትን አንተ ለምን አፈርክበት?»

የወተቱን ዕቃ መልሳ አንስታ፣ «ልጆቹን አምጣልኝ» አለች። አመጣላት። ሲተቃቀፉ ግን አላየም፤ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሌላ ሰው ሆነ። የሰው ስም ከመጠየቁ በፊት፣ «ማንን ትፈልጋለህ?» ይላል። ስም ይለወጣል፣ ስደት ላይ ሰው ስሙን ይጥላል፤ የሚፈልገውን ሰው ግን አይጥልም ይል ነበር። መልሱን በቅጹ ጀርባ ላይ ይጽፈዋል፤ መጠሪያውን፣ የሚፈልገውን፣ በመጨረሻ የተለያዩበትን ቦታ። አለቃችን አቶ ፋራህ ማኅተሙን ከኪሱ የማይለይ ቀልደኛ ሰው ነበር። ቅጹን ገልብጦ አየና፣ «ጌትነት፣ መንግሥት ጀርባ የለውም። ፊቱን ብቻ ሙላልኝ» አለው። ጋሼ እሺ አለ፤ መጻፉን ግን አልተወም። አቶ ፋራህም ፊቱን አይቶ ማኅተሙን ይመታል፣ ጀርባውን እንዳላየ ያልፋል።

በኋላ እኔ ቀብሪበያ ተመደብኩ። እኔም ጀርባው ላይ ጻፍኩ። አንድ የሻይ ቤት ባለቤት የአጎቱን ልጅ እንደሚፈልግ ጽፌለት ነበር። በሌላ ሳምንት አንዲት ሴት መጥታ እሱን እንደምትፈልግ ስትነግረኝ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ከሚኒባስ ተራው ወዲህና ወዲያ ነው የሚኖሩት። ማን እንደሆነ ሳታውቅ ከእሱ ሻይ ቤት ስኳር ተበድራ ታውቃለች። ለጋሼ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኩላሊቱ ታመመ። ቀስ እያለ ነበር፤ ደበቀኝ። ሆስፒታል የገባው እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ሲለው ነው። ሥራውን እየተውኩ አጠገቡ እውላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ነርሷ ወጥታ ለብቻችን ሆነን፣ ጣራውን እያየ፣

«አባባን እኮ በልጅነቱ ደምሴ ነበር የሚሉት» አለኝ።

«ማን?»

«አገር ቤት ያሉት። ከአባቱ ተጣልቶ ሲጠፋ ነው ጦር ሠራዊት በሌላ ስም የገባው። ወርቁም፣ ተሰማም፣ የራሱ ፈጠራ ነው። እህቱ የሺ ትባላለች። እሷ ደምሴ እንጂ ወርቁ የሚባል ሰው አታውቅም።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ ጋሼ?»

«ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነው የሞተው። ስሙ ሲጣራ የሚታሰር ይመስለው ነበር።» ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበና፣ «እኔም የሰውን እንጨርስ እያልኩ» አለ። ንግግሩን አልጨረሰውም።

ከሳምንት በኋላ አረፈ።

ቁልፉን አስረክቤ መጀመሪያ የሄድኩት ከአባታችን ጋር ወታደር ወደነበሩት ወደ አስር አለቃ ደበላ ቤት ነው። አሁን ሸምግለዋል፤ ፀሐይ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ስለ አባቴ ስም ምንም አልነገርኳቸውም፤ እንደ ጋሼ የፈላጊዋን ነው ያስቀደምኩት። «አስር አለቃ፣ የጦር ሰፈራችሁ በር ላይ ወንድሟን ፍለጋ የመጣች ሴት ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

«ስንቷ መጥታለች ልጄ። እናት አለች፣ ሚስት አለች፣ ሚስት ነኝ ባይ አለች።»

«ደምሴ የሚባል ወንድም የምትፈልግ።»

ጋዜጣውን አጠፉት።

«አለች» አሉ። «ቀጭን፣ ባዶ እጇን። በሩ ላይ እኔ ነበርኩ። ስም ዝርዝሩን አየሁላት፣ ደምሴ የሚባል የለም። በማግስቱም መጣች። ‘ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ሲናደድ የሚያፏጭ’ አለችኝ። ‘የሚያፏጭ ወታደር ዝርዝር የለኝም’ ብዬ ቀለድኩባት።» እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። «ወርቁ ሲናደድ ያፏጭ ነበር። አባትህ! እሱን ነበር እንዴ?»

«እሱን ነበር።»

«ያን ዕለት ውስጥ ነበር እኮ። ዱቄት ያራግፍ ነበር።»

ላጽናናቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ወዴት እንደሄደች ጠየቅሁ። የመሳፈሪያ እንዳልነበራት፣ ድሬዳዋ ድረስ በጦር መኪና እንዳስጫኗት፣ ከዚያ ሽንሌ ለባቡር ሠራተኞች ምግብ የምታበስል የአገሯ ሰው እንዳለች መናገሯን አስታወሱ። ሌላ የለም። ለእኔ ግን በቂ ነበር።

ሽንሌ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ባቡሩ ከተቋረጠ በኋላ ከተማዋ ሐዲዷን ይዛ ቀርታለች። መዝገብ ቤት አልገባሁም። ሻይ ከምትሸጥ ፈርዶሳ ከምትባል ሴት ዘንድ ተቀመጥኩና፣ «ወንድሟን ፍለጋ ከመሀል አገር የመጣች እናት እዚህ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ ቀረ። «የሺን ነው? ሽንኩርት የምትሸጠውን? ጅግጅጋ የሚሄድ መኪና ሁሉ ታስቆም ነበር። አሁን እግሯ አይችልም እንጂ።»

ሻዬን ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

«አንተ ማን ነህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። የአባቴንም የጋሼንም። ራሷን ነቀነቀች፣ ብዙ ጊዜ።

«በእናንተ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?»

«በማለዳ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ። ሽማግሌ ነው የሚናገረው። እኔ ግን እዚህ ሰው የለኝም።»

«እኛ ምንድን ነን?» አለች ተቆጥታ። «ፍየል ነን?»

በማለዳው ፈርዶሳ ባሏንና አራት ጎረቤቶች ይዛ መጣች። ሁሉም ሶማሌዎች ናቸው። በመንገድ ላይ፣ «ስማ፣ ሞቱን አታስቀድም» አለችኝ። «መጀመሪያ ያለህን ስጣት። ባዶ እጇን አታስለቅሳት።»

እትዬ የሺ በሯን ከፍታ ሽንኩርቷን ወደ ማዳበሪያ ታስገባለች። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣባት ስታይ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ቀጥ ብላ ቆመችና፣

«ቤት ተሳስታችኋል» አለች። «እኔ የሚሞትብኝ ሰው የለኝም።»

ሁሉም እኔን አዩኝ።

«እትዬ የሺ» አልኩ። «ደምሴ የሚባል ወንድም ነበረዎት?»

የያዘችውን ሽንኩርት ጨበጠች።

«እኔ ልጁ ነኝ።»

ሽንኩርቱ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ። ቀርባ ፊቴን አላየችም፤ ጆሮዬን ነው የያዘችው። በሁለት ጣቶቿ ይዛ እየዳሰሰች፣ «ይሄ የቤታችን ነው» አለች። «ይሄ የቤታችን ነው።» ከዚያ ለፈርዶሳ፣ «አየሽ? ዕብድ ናት ስትሉኝ!»

«ዕብድ ማን አለሽ እትዬ?» አለች ፈርዶሳ እያለቀሰች።

«ደምሴስ?» አለችኝ እትዬ የሺ።

«ሞቷል፣ እትዬ። ልጅ ሳለሁ ነው። ጅግጅጋ ተቀብሯል።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። «እሱን አልቅሼዋለሁ» አለች፣ «ለብቻዬ፣ ብዙ ጊዜ።» ጆሮዬን አልለቀቀችውም። ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር። «አንተን ብቻ ነው የወለደው? ወንድም የለህም?»

የፈርዶሳ ባል ኮፍያውን አወለቀ። ጎረቤቶቹ መሬት አዩ።

«ሁለት ነበርን» አልኩ።

ጣቶቿ ቆሙ። ቀስ ብላ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በማለዳ ለምን እንደመጡ እንደገና የገባት ያን ጊዜ ነው።

«ታላቅህ ነው ታናሽህ?»

«ታላቄ። እሱ ነው ያሳደገኝ።»

«ስሙን ንገረኝ።»

ነገርኳት። አንድ ጊዜ በቀስታ ደገመችው፣ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። አይታው የማታውቀውን ልጅ፣ ጡት እንዳጠባችው ሰው፣ «ጌትዬ!» ብላ ተጣራች።